የፉርሽካው ዳቦ መርማሪ

ውኃ ለሳምንት ጠፍቶበት የኖረ ሰፈር አለ፤ ያለ መርማሪ አንድ ቀን ያደረ ሰፈር ግን የለም። መርማሪ ማለት ምግብ ሲቀርብለት እጁን ከመስደዱ በፊት አፍንጫውን የሚልክ ሰው ነው። "ከምን የተሠራ ነው?" ይላል። ሲነገረው ደግሞ፣ "እሱማ ታውቆኛል" ይላል።

አዳማ፣ ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት አቶ አብተው ናቸው። ጡረታ ሳይወጡ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ይፈትሹ ነበር። እሳቸው ያላዩት ሣጥን ከወደቡ አይወጣም ነበር ይባላል፤ የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘመናይ ከፋብሪካው የሚወጣውን ፉርሽካ ነፍታ፣ በምጣድ አምሳ፣ ከስንዴ ዱቄት ጋር አቡክታ ዳቦ ትጋግራለች። የጀመረችው ለባሏ ለይትባረክ ነበር፤ ስኳር ስላለበት ሐኪሙ ነጭ ዳቦ ከልክሎት። ይትባረክ ካረፈ በኋላም እጇ ልኩን አልቀነሰም። ለአንድ ሰው መጋገር አልሆንላት ሲል፣ ምድጃው ከሚቀዘቅዝ ብላ ለመሸጥ ወደ ሽኩር ሱቅ ወሰደችው።

ሽኩር ዳቦውን መደርደሪያ ላይ አኖረው። ከመደርደሪያው ሥር ለላም የሚሸጠው ፉርሽካ በጆንያ ቆሟል። አቶ አብተው ገብተው ላይና ታቹን አዩ።

"ሽኩር፣ የላዩ የማን ነው?"

"የሰው ነው ጋሼ።"

"የታቹስ?"

"የላም።"

"ላሟ ድርሻዋ መነካቱን ሰምታለች?"

ነገሩ ሳይውል ሳያድር ባጃጅ ተራ ደረሰ። ባለባጃጁ ምልኬሳ ዳቦውን ባየ ቁጥር "እምቧ" ይል ጀመር። ከዱከም ፋብሪካ የሚመለሱ ሴቶች ዋጋ ይጠይቁና ፉርሽካ መሆኑን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ዳቦው እንደሄደ ይመለሳል።

ዘመናይ ልትለምናቸው ሄደች። "ጋሼ አብተው፣ አንዴ ይቅመሱልኝ። እርስዎ ከበሉ ሰፈሩ ይበላል።"

"የሚቀምሰው ያቀረበው ነው። ጠጅ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ አድርጎ ይቀምስ የለም? ነገ እመጣለሁ፤ እፊቴ ትቀምሻለሽ።"

መጡ። በርጩማ ስበው ደጃፏ ላይ ተሰየሙ። ዘመናይ ቆንጠር አድርጋ አፏ ውስጥ ጣለች።

"ይሄ የወፍ ነው። ሙሉ ቁራሽ።"

በላች።

"በሻይ።"

በሻይ በላች። እስክትውጥ ድረስ ጉሮሮዋን እያዩ ቆዩና ተነሡ።

"እርስዎስ?"

"የዛሬው ደህና ነው። የነገውን በምን አውቃለሁ?"

በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ። በጾም ቀን እንኳ አይቀሩም፤ ሰዓቱን ብቻ ወደ ዘጠኝ ያሸጋግራሉ። አንድ ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል በኪሳቸው ይዘው መጡና፣ "ባዶውን ሲሆን ምርመራው አይጸናም" አሉ። ራሳቸው ግን ፍርፋሪ አልነኩም።

"እኚህ ሰውዬ ሊገድሉኝ ነው" አለች ዘመናይ ለሽኩር።

"እንዲያውም ወዝሽ ተመልሷል" አላት።

እጇ ወደ ወገቧ ሄደ። ከሐዘኑ ወዲህ የሰፋትን ቀሚሷን ወገቧ ላይ የምትይዝበትን መርፌ ቁልፍ በዚያ ሰሞን ትታው ነበር፤ ልብ ያለችው ገና ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ አቶ አብተው ሞጆ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ዘመናይ ሻይ አፈላች፣ ዳቦ ቆረሰች፤ ሳትቀምሰው እንደቆረሰችው ሸፈነችው። በማግሥቱም እንዲሁ። የይትባረክን ወንበር ባዶነት የለመደችው መስሏት ነበር። ባዶው በርጩማ ሲጨመርበት ቤቱ ሰፋባት።

አቶ አብተው ሲመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ወደ እሷ በር መጡ።

"ማን እያየሽ ቀመስሽ?"

 ዓይናቸው የተሸፈነው ሳህን ላይ አረፈ። ገለጡት። ከመንገዱ ማዶ ሽኩርና ምልኬሳ ቆመው ያያሉ። አቶ አብተው አንድ ቁራሽ አነሡና ማንም ሳይቀድማቸው ገመጡ፤ ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ። ምልኬሳ እምቧ ማለቱን ረሳ።

"እሺ?" አለች ዘመናይ።

"የላም ነው" አሉ አቶ አብተው፣ የቀረውን እየዘረጉላት። "እኔ ቀምሻለሁ። በይ፣ ብዪ።"