በአየር ሲለካ

ርቀትን በአውሮፕላን ብቻ የሚለካ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ጋሽ ዓለሙ እንዲህ ናቸው፤ ራሳቸው ግን ተሳፍረው አያውቁም።

ባለቤቴን ቀብረን ፍኖተ ሰላም ለቅሶ ላይ ተቀምጠናል። ሐኪሙ ጎንደር ውሰዱት ብሎን እንደነበር ሲነሣ ጋሽ ዓለሙ፣ “ከባሕር ዳር ጎንደር እኮ በአየር ሃያ ደቂቃ ነው” አሉ።

ድንኳኑ ክርክር ገባ። አንዱ ሃያ አምስት ነው አለ። ከጅጋ በእግራቸው የመጡት የባለቤቴ አጎት፣ “መነሣቱና ማረፉ ተቆጥሮ ነው?” ብለው ጠየቁ።

“ተቆጥሮ ነው እንጂ” አሉ ጋሽ ዓለሙ፣ ኮስተር ብለው።

“ከዚህ ባሕር ዳርስ?” አልኋቸው።

“እሱማ የመኪና መንገድ ነው፣ እቴ” ብለው አቀረቀሩ።

የመኪናው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሦስት ቀን ጠበቅን፤ በአራተኛው ሞተ።

ተቀየምኋቸው እንዴ? የለም። ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ ከቡሬ መጥታ፣ “ምነው ጎንደር ሳታደርሽው ቀረሽ?” ስትለኝ፣ “በአየርማ ሃያ ደቂቃ ነበር” አልኋት። በየማለዳው ዓይኑን ሲገልጥ “ዛሬስ ተከፈተ?” ይለኝ እንደነበር ከመንገር ይሄ ይቀለኛል።