የአስካለ ድንኳን

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ለቅሶዬ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ በሚስቴ ለቅሶ ላይ! የፈለጋችሁትን በሉኝ። ሁለት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም፤ እሱን ብቻ አስቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ዘውገ በእድራችን የድንኳን ኃላፊ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ ሰው ድንኳን መትከል ቀላል ይመስለዋል። ካስማው ጋደል ተደርጎ ካልተመታ፣ ጠርዙ አሸዋ በሞላ ማዳበሪያ ካልተያዘ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ሸራ እስከ መሬት ካልወረደ፣ ድንኳኑ ለቀስተኛውን ትቶ ይሄዳል። ነፋሱ ሲብስ ደግሞ ዋናውን ገመድ እጄ ላይ ጠምጥሜ እኔው ራሴ እቀመጣለሁ። ለማንም አልሰጥም። ለጊዜው እናውርደው የሚል ሲመጣ፣ ሠልስት ሳይወጣ የለቅሶ ድንኳን አይፈርስም እላለሁ። በኔ እጅ የወደቀ ድንኳን የለም። በዚህ ስኩራራ ነው የኖርኩት።

ባለፈው ማክሰኞም ሰው ቤት ለቅሶ ላይ ገመድ ይዤ ነበር። ሚስቴ አስካለ ታማ ከተኛች ሦስት ሳምንቷ ነበር። ጎረቤታችን ትሁኔ እየሮጠች መጣችና አስካለ ትጠራሃለች አለችኝ። ነፋሱ ደግሞ ያን ሰዓት ብሶበታል። ድንኳኑ ይወድቃል፣ ትንሽ ትታገሠኝ በያት ብዬ መለስኳት። ነፋሱ ሲበርድ ገመዱን አስሬ ቤቴ ስደርስ፣ ትሁኔ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ያ ድንኳን አልወደቀም።

ከዚያ ድንኳኑ እኔው ደጅ ተተከለ። የእድሩ ዳኛ አቶ ቱፋ፣ አንተ እኮ ሐዘንተኛ ነህ፣ ገመዱን ለሰው ስጥ ብለው ለመኑኝ። እምቢ አልኩ። ለአስካለ ላደርግላት የቀረኝ ነገር ይኼ ብቻ ነው፤ ድንኳኗ እስከ ሦስተኛው ቀን፣ እስከ ሠልስቷ፣ ሳይወድቅ ይቁምላት። ትናንትም ገመዱን ጠመጠምኩ። ነፋሱ መጮህ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሕልም ነው።

ቀና ስል ድንኳኑ መዶሻ ይዟል። ሸራውን እንደ ቀሚስ ሰብስቦ፣ በርከክ ብሎ ካስማ ይመታል። የሚተክለው ግን ሰዎቹን ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ከአግዳሚው በላይ ይርገበገባል። አቶ ቱፋ ጉልበታቸው ላይ ሁለት ማዳበሪያ አሸዋ ተጭኖባቸዋል። ድንኳኑን ምን እየሠራህ ነው አልኩት። ሰው በነፋስ ጊዜ ልቅ ከተተወ ይቀደዳል አለኝ። ለጊዜው እናውርዳቸው የሚሉኝ አሉ፣ እኔ ግን በእጄ የወደቀ ሰው የለም አለኝ። ድምፁ የኔ ነው። ኩራቱም የኔ ነው።

ከዚያ የሌሎች እድሮች ድንኳኖች ለቅሶ ሊደርሱ ተሰልፈው መጡ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው አጣጥፈው በትከሻቸው ተሸክመዋል። አንደኛው የተሸከመውን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ግምጃ ቤት ሲከርም አይጥ ጉልበቱን በልታዋለች። ይኼ እንኳ ይጣፋል አለኝ። የተጣጠፈው ሰውዬም፣ አዎ፣ ባለፈው ዓመትም ጥፈውኛል አለ።

ቀጥሎ ነፋሱ መጣ። ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ፣ በጣም ዘገየሁ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እግዜር ያጽናችሁ ባለ ቁጥር ሦስት አራት ሰው ከነካስማው ተነቅሎ ይሄዳል። ሰዎቹ እየበረሩ አሜን ይላሉ። ማንም አልደነገጠም። እኔ ብቻ፣ ኧረ በሕግ፣ ነፋሱን ዝም አሰኙልኝ እላለሁ። አቶ ቱፋ፣ ተው እንጂ ዘውገ፣ እድርተኛ እኮ ነው፣ ከስብሰባ ቀርቶ አያውቅም አሉኝ። ይኼን ብለው ሳይጨርሱ እሳቸውም ተነቀሉ። አሸዋቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ከጣሪያ በላይ ሲሄዱ፣ እሑድ ሦስት ሰዓት ስብሰባ አለ፣ እንዳትቀር አሉኝ።

እሺ ስል መቃብር ቦታ ነበርኩ። ሙታኑ ወጥተው በእድሩ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ያለቅሳሉ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ድንኳናቸውን የተከልኩት እኔ ነኝ። በክረምት የሞቱት ጋሽ ወልዴ እንባቸውን ጠረግ አደረጉና፣ አንተ ለነፋሱ እንጂ ለዝናቡ መቼ ታስባለህ፣ ለቀስተኛዬን አስደበደብክብኝ ብለው ወቀሱኝ። ለመሆኑ ማን ሞቶ ነው የምታለቅሱት አልኳቸው። አንተ ነህ እንጂ፣ አልሰማህም አሉኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው። ከመካከላቸው አስካለን ፈለግኳት። አጣኋት። ሥራ ላይ ናት አሉኝ።

ወዲያው በአስካለ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ። የሷ ብርድ ልብስ፣ ራስጌዬ የሷ መድኃኒት፣ ደረቴ ውስጥ የሷ ሕመም። ትንፋሽ አጠረኝ። የምልከው ሰው ብፈልግ ቤት ውስጥ ያለው የእድሩ ትልቁ ብረት ድስት ብቻ ነው። አስካለን ጥራልኝ አልኩት። ክዳኑን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ እየተንከባለለ ወጣ። ቆየ። በጣም ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ ክዳኑን አውልቆ ራስጌዬ ቆመ።

«ድንኳኑ ይወድቃል፣ ትንሽ ይታገሠኝ ብላለች» አለኝ።

ሊሞት ነው ብለህ ነግረሃታል ወይ አልኩት። ነግሬያታለሁ አለ። ታዲያ ምን አደረገች ስለው፣ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ገመዱን አጠበቀችው አለኝ። እኔም ማክሰኞ ለትሁኔ ያደረግኩት ይኼንኑ ነው። አንገቴን ነቀነቅኩ፣ ገመዱን አጠበቅኩ። ትንሽ ማለት ምን ያህል እንደሚረዝም ያወቅኩት እዚያ አልጋ ላይ ነው። የቆርቆሮውን ሚስማር ከዳር እስከ ዳር ቆጠርኩት፤ አንድ መቶ አርባ ሁለት ነው። አስካለም ቆጥራው ይሆናል። ይህን ሳስብ በሕልሜም ቢሆን አለቀስኩ።

በሩ ተንኳኳ። ነፋሱ ነበር። ግድግዳውን ልውሰደው ብሎ አስፈቀደኝ። ውሰደው አልኩት። ግድግዳው ሲነሣ አስካለን አየኋት። ሜዳ ላይ ብቻዋን ቆማ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛለች። ፊቷን አላየሁትም፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው የለም። ባዶ አግዳሚ ብቻ ነው።

«አስካለ፣ ልቀቂው» አልኳት።

«ሠልስት ሳይወጣ?» አለችኝ፤ ዞርም አላለች።

ልነሣ ብል ወገቤ ታስሯል። ማን ነው ያሰረኝ ብዬ ገመዱን በዓይኔ ስከተለው፣ ጫፉ የገዛ እጄ ላይ ነው የተጠመጠመው። ሌላ ያሰረኝ ሰው የለም። ጣቴን ከፈትኩ። አልከፈት ሲለኝ በጥርሴ ከፈትኩት። ገመዱ መዳፌን ልጦኝ ሄደ፤ ነፋሱም ብድግ አድርጎ ወደሷ ወሰደኝ። እየደረስኩ ነው። አስካለ ልትዞር ነው። ጆሮዋን አየሁ፣ የጉንጯን ጫፍ አየሁ፣

ነቃሁ።

ጨለማ ነው። ከባድ ሸራ ፊቴ ላይ ተኝቷል። በግራም በቀኝም ሰው ያስላል፤ አግዳሚ ተገልብጧል። ከወዲያ በኩል አንዲት አልቃሽ ሸራ ውስጥ እንደተጠቀለለች ሙሾዋን አላቋረጠችም። እየዳህኩ ወጣሁ። ሌላውም እየዳኸ ወጣ፤ አንዱ ነጭ ጋቢ ለብሶ በአራት እግሩ ሲወጣ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና አፉን ያዘ። እግዜር ይመስገን የተጎዳ የለም። ምሰሶው ግን ተሰብሯል፤ ግማሹ ሸራ የትሁኔ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይርገበገባል። መዳፌ ተልጦ ይደማል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማንንም ያልጣልኩ ሰው፣ የአስካለን ጣልኩት።

አቶ ቱፋ አቧራቸውን እያራገፉ መጡና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እጄን አዩት። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«ምነው ዘውገ፣ ለቀቅከው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አስካለ ጠርታኝ ነው» አልኳቸው።