ሽማግሌዎቼ ባጃጅ እየገፉ ልጅ ጠየቁልኝ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ፈጠራ ነው ትሉኛላችሁ። ማርያምን አይደለም!

ደብረ ማርቆስ ላይ ባጃጅ ነው የምነዳው። ጩኸቷ ለብቻው ነው። ሠፈሩ ሁሉ «መጣች ያቺ ለፍላፊ» ይላታል።

ፍቅረኛዬን ማስተዋልን ከማታ ትምህርት የምመልሳት በሷ ነው። ዛሬ ደግሞ ለማስተዋል ቤተሰብ ሽማግሌ የምልክበት ቀን! አባቷ ጋሽ ሞላ ኮስታራ ናቸው። «ለዚህ ጯሂማ ልጄን አልሰጥም» ቢሉስ?

ስለዚህ ባጃጇን ሳይለንት ላደርጋት ወሰንኩ። የእናቴን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ጠቀጠቅኩት።

መካኒኩ ጓደኛዬ «ተው! ጭሱ መውጫ ካጣ ሞተሩ ይታፈናል። ማርሚታ ከነካህ ካርቡሬተሩንም አብረህ አስተካክል» ብሎኝ ነበር።

ማን ሰምቶ!

ግን ዝምታዋ! የድመት ኮቴ በሏት። ኩራቴ ሌላ ነበር።

ሦስቱን ሽማግሌዎች ጭኜ ወጣሁ። አዎ፣ አግቢ ከሽማግሌ ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ! ራቅ ብዬ አውርጃቸው ልጠፋ ነበር ፕላኔ።

የጋሽ ሞላ ቤት ዳገት ላይ ነው። ዳገቱ መሀል ባጃጇን ሳል ያዛት። ጥቁር ጭስ ተፋች። ከዚያ ጭጭ!

መንገዱ ጠባብ፣ ከኋላችን ደግሞ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው። ምን ምርጫ አለ? ሽማግሌዎቼ ነጭ ጋቢያቸውን ሰብስበው ይገፉ ጀመር። ሜዳ ያገኘነው የት መሰላችሁ? ጋሽ ሞላ በር ላይ!

ጡሩምባውን ሰምተው ወጥተዋል። «ምንድን ነው ይኼ?» አሉ።

አለቀልኝ! ከባጃጇ ኋላ ተሸጎጥኩ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ፣ ጋቢያቸው ጥላሸት በጥላሸት፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። «አቶ ሞላ፣ ልጅ ሊለምን የመጣ ሰው ተቀምጦ አይመጣም። እየገፋን መጣን።»

ወገኖቼ፣ እንዲህም አፍ አለ! እኔ ዕድሜ ልኬን ባስብ አይመጣልኝም። እግራቸው ላይ ብደፋ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ሞላ ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም! አስገቧቸው፣ «ከዘመድ ልማከር» ብለውም ቀጠሮ ሰጡ።

ሲሸኙን ግን ወደ እኔ መጡ።

«አንተ፣ ያንን ድምፅ መልሰው። ማታ ከድልድዩ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ልጄ በደህና መጣች ብዬ እንቅልፍ የሚወስደኝ በሱ ነው።»

ምን አስዋሸኝ፣ እንባዬ መጣ።

ይኸው አሁን ማርሚታውን ፈትቼ ተቀምጫለሁ። ሽቦው አልወጣ ብሏል፣ እናቴም ያረረ ድስት ይዛ እየተጣራች ነው። መንጠቆ ያለው አለ?