ሥሩ እንዲታይ ብዬ ሰላጣዬን አረንጓቴ አስበላሁት

የዛሬውን ውርደቴን ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት። ቡታጅራ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው እስከ ማታ ጎረቤት ከተማ እንሴኖ ይደርሳል!

ያቺን ሰላጣ ታስታውሳላችሁ አይደል? ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ የማበቅላትን? "ሃይድሮፖኒክስ፣ ሃይድሮፖኒክስ" እያልኩ በየቀኑ ቪዲዮ የምለቅባችሁን?

አዎ፣ እሷው ናት።

ለአዲስ ተከታዮቼ፦ እኔ ከደብረ ማርቆስ ለሥራ መጥቼ ቡታጅራ የቀረሁ፣ በእፅዋት ሳይንስ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ። ዲግሪዋን አስምሩባት፤ በኋላ ትስቁባታላችሁ። አከራዬ እትዬ ዘሃራ ይባላሉ። ከሁለት ወር በፊት ጓሯቸውን ለሰላጣዬ እንዲለቁልኝ ለመንኳቸው። ጓሮው ላይ ግን ጎመን ነበር። ደህና፣ የሚበላ፣ ማንንም ያላስቸገረ ጎመን።

"እትዬ፣ አፈር እኮ ጊዜው አልፎበታል" አልኳቸው።

ቃል በቃል እንደዚህ ነው ያልኩት! ወልቂጤ ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ እንደምከፍትም ነግሬያቸዋለሁ።

እሳቸው አንዴ አፈሩን፣ አንዴ እኔን አዩና ጎመናቸውን ነቅለው ቦታውን ሰጡኝ።

ባልዲ ልገዛ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ፤ ጥቁርና ውስጡን የሚያሳይ። ባለሱቁ ጥቁሩን ሲያነሳልኝ "አይ፣ የሚያሳየውን ስጠኝ" አልኩት። ለምን? ሥሩ በቪዲዮ እንዲታይ ነዋ! ነጭ ሥር ውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ እንዴት እንደሚያምር እናንተም ታውቁታላችሁ። ላይክ ያደረጋችሁት እናንተ አይደላችሁ?

ባልዲዎቹን ደግሞ ጥላ የሚባል ነገር የማይደርስበት ቦታ ደረደርኳቸው። ተክል ፀሐይ ይወዳል አይደል? ቅጠሉ አዎ፣ ይወዳል። ሥሩን ማን ጠየቀው!

በሦስተኛው ሳምንት ውሃው አረንጓዴ ሆነ።

እዚህ ጋ ልብ ያለው ሰው ይደነግጥ ነበር። እኔ "ልምላሜው እስከ ውሃው ወርዷል!" ብዬ ፖስት አደረግኩ። እናንተም በልብ ኢሞጂ አጥለቀለቃችሁኝ። አንድ ልጅ ብቻ "ወንድሜ፣ ይሄ አረንጓቴ ነው፣ አልጌ የሚሉት፤ ብርሃን እንዳይገባ ባልዲውን ሸፍነው" ብሎ ጻፈ። ምቀኛ ነው ብዬ ብሎክ አደረግኩት። ወንድሜ፣ ዛሬ ከፍቼልሃለሁ፤ በእናትህ ይቅር በለኝ።

በዚህ አላበቃም። ሰላጣው ቢጫ ቢጫ ማለት ሲጀምር ርቦት ነው ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩለት። የበላው ግን ሰላጣው አልነበረም፤ አረንጓቴው ነው። በላ፣ ወፈረ፣ ሥሩ ላይ ተጠመጠመ። ሲሞት ደግሞ እዚያው በስብሶ ውሃው ውስጥ የነበረችውን አየር ጨረሰና ሥሩን አፈነው። ይሄን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ፈተናም መጥቶ ነበር። አግኝቼዋለሁ!

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ።

ዛሬ ጁምዓ ነው። እዚሁ ከተማ ሆቴል ያላቸው ጋሽ ሙራድ ከስግደት በኋላ ሰላጣውን ሊያዩ ቀጠሮ ነበረን። ደስ ካላቸው በየሳምንቱ ሊወስዱኝ ነው። ሰላጣውን ማለቴ ነው። ቀልዱን ልተወውና፣ ይሄ ነገር እንዲሳካ በጣም ፈልጌ ነበር። እናቴ በደወለች ቁጥር "እዚያ አገር ምን ይዞህ ነው?" ትለኛለች። ዛሬ የምመልስላት ነገር ሊኖረኝ ነበር። እትዬ ዘሃራም ጎመናቸው በከንቱ እንዳልተነቀለ ሊያዩልኝ ነበር።

ጋሽ ሙራድ መጡ። ነጭ ጀለቢያ፣ ካውያ ያረፈበት፣ ዓይን የሚወጋ ንጣት! "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ገቡና ወዲያው አፍንጫቸውን ያዙ።

"እዚህ ግቢ ውሃ የተኛበት ቦታ አለ እንዴ?"

"ማዳበሪያው ነው ጋሽዬ!" አልኩ ፈጠን ብዬ።

ስልኬን አንዱ ባልዲ ላይ አስደግፌ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመርኩ። "ጠጋ ይበሉ፣ ሥሩን ላሳይዎት" አልኩና ትልቋን ሰላጣ ባለ በሌለ ኃይሌ መዘዝኳት።

ምነው እጄን በሰበረው!

ሥር የሚባል ነገር የላትም። በሥሯ ፋንታ ውሃ የገባበት ተልባ የመሰለ አረንጓዴ ልጋግ ተንጠልጥሏል። ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። ግማሹ ጧ ብሎ ጋሽ ሙራድ ደረት ላይ አረፈ።

ነጩ ጀለቢያ ላይ!

ከባልዲው ደግሞ ትናንሽ ዝንቦች ግር ብለው ወጡና እንግዳዬን ተቀበሉልኝ።

ጋሽ ሙራድ ደረታቸውን አዩ። ሰላጣውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

"ልጄ፣ ይሄን ለእንግዳ በምን ላቅርበው? በማንኪያ?"

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ልል ነበር። አፈር ጊዜው አልፎበታል ብዬ የለ? በምን ፊቴ ልለምናት!

እትዬ ዘሃራ በጆግ ውሃ ይዘው መጡ። አልሳቁም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ውሃውን ለጋሽ ሙራድ ሰጡና ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

"ይሄን ዕቃ ለምን የሚያሳይ ገዛኸው?"

"ሥሩ እንዲታይ ነው እትዬ።"

"ለማን?"

በአገጬ ወደ ስልኬ ጠቆምኩ። ወደ እናንተ!

"ያ ረቢ!" አሉ። "ሥር ይታያል እንዴ ልጄ? ሥር ከታየማ ተነቀለ ማለት ነው። የውሃው ሮቶ ለምን ጥቁር ሆነ? እኛስ ቆጮውን በኮባ ጠቅልለን ጉድጓድ የምንከተው ለጌጥ መሰለህ? ጨለማ የሚፈልገውን ነገር ትሸፍነዋለህ።"

ቢላዋ ይዘው ወደ እንሰታቸው ሄዱና ሰፋፊ ኮባ ቆርጠው ተመለሱ። መጀመሪያ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ፈትጌ እንዳጥብ አደረጉኝ። ከዚያ እሳቸው ኮባውን እየጠቀለሉ፣ እኔ እያሰርኩ፣ ሁሉንም አለበስናቸው። ከአሥራ ሁለቱ ሰላጣ ነፍስ ያላቸው አራት ናቸው። እነሱን አለቅልቀን አዲስ ውሃ ውስጥ መለስናቸው።

"እነዚህ ካላገገሙ ጎመኔን እተክላለሁ" አሉኝ። "የምታጠጣው ግን አንተ ነህ።"

እሺ አልኩ። ምን ልበል!

ጋሽ ሙራድ የእትዬ ዘሃራን ባለቤት ጀለቢያ ተውሰው ቀየሩና የራሳቸውን እጄ ላይ አስቀመጡት። "ለሚቀጥለው ጁምዓ እፈልገዋለሁ። ነጭ ሆኖ ከመጣ ሰላጣህን ደግሜ አየዋለሁ" አሉ። የውጭውን በር ካለፉ በኋላ ሲስቁ ሰማኋቸው።

ይኸውላችሁ፣ አሁን ሳፋ ፊት ተቀምጫለሁ። ሦስተኛ እጥበት ላይ ነኝ። ሰላጣ ማብቀል ያቃተኝ ሰውዬ፣ ጀለቢያ ላይ አረንጓዴ አብቅዬ አረፍኩት! እድፉ ፈዘዝ አለ እንጂ አልለቀቀም።

ስለዚህ ጥያቄዬ፦ የአረንጓቴ እድፍ በምን ይለቃል? በሎሚ? በረኪና ልጨምርበት? የምታውቁ ቶሎ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ቆይ ግን።

ባለቤታቸው በየጁምዓው ነጭ ለብሰው የሚወጡት እትዬ ዘሃራ አሥር እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠው፣ እኔ አሁንም የማማክረው እናንተን ነው?

ልጠይቃቸው ልሄድ ነው። አፍሬያለሁ፣ ግን እሄዳለሁ።

ለመሄድስ መጀመሪያ ፖስት ማድረግ ነበረብኝ?