ልብሱ ደርሷል፤ እርስዎ ገና ነዎት

ሳይጠየቅ መድኃኒት የሚያዝዝ ሰው የሌለበት ሰፈር ገና አልተቆረቆረም። አንዱ ለወገብዎ ያዝዛል፤ አንዱ ለጉበትዎ፤ አንዱ ደግሞ ጥፍርዎን አይቶ ለጉበትዎ ያዝዛል። እነዚህ ሁሉ ግን ከልብስ ሐኪም አጠገብ ሲቆሙ የዋህ ናቸው። የልብስ ሐኪም ምን እንዳመመዎት አይጠይቅዎትም። ኮሌታዎን በዓይኑ ገረፍ ያደርግና «ትናንት ከሰው ተጣልተዋል» ይልዎታል። ያልተጣሉ እንደሆነ እንኳ፣ በነገሩ እየተብሰለሰሉ ቤትዎ ሲደርሱ ይጣላሉ።

እርስዎም አንዷን ያውቃሉ። ምናልባት አክስትዎ ናት፤ ምናልባት በመሥሪያ ቤት ከጎንዎ የተቀመጠችው ናት። ይቺኛዋ ግን የላውንደሪ ባንኮኒ ላይ ተሹማለች፤ ይህም ጅብን ሥጋ ቤት እንደ ማስጠበቅ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሸሚዝ በእጇ ያልፋል። ማን እንደሰባ፣ ማን ማጨስ እንደጀመረ፣ ማን ምሳውን ቆሞ እንደሚበላ ከእሷ የተሰወረ የለም።

ፊት ለፊቷ ሁሉም «እትዬ» ይላታል። ከኋላዋ ግን ማዕረጓ «ክብርት እመቤት መስቀያ» ነው። ይህን ማዕረግ የሰጣት ልብስ ተኳሹ ነው፤ ከጀርባዋ አሥራ አራት ዓመት በእንፋሎት ውስጥ ቆሞ የኖረ፣ ለመናገር የዘገየ፣ ለማጉረምረም የፈጠነ ሰው።

ተኳሹ ካውያውን ባሳረፈ ቁጥር እንፋሎቱ ሽው ብሎ ይነሳና ክፍሉን ይሞላዋል። ያኔ ከጣሪያው ሥር በረጅሙ ብረት ላይ የተሰቀሉት ቀሚሶችና ኮቶች እግር የሌላቸው፣ የማይቸኩሉ፣ በደመና ላይ ሽርሽር የወጡ ሰዎች ይመስላሉ። በሩ ሲከፈት ነፋስ ይገባል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ባንኮኒው ዘንበል ይላሉ፤ ወሬ እንዳያመልጣቸው። ወሬው ደግሞ አያልቅም።

በዓለም ላይ ባሉ ላውንደሪዎች ሁሉ ልብስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ያለቀና ያላለቀ። በእትዬ ግዛት ግን ሦስተኛ አለ። ልብሱ አልቋል፤ ባለቤቱ ግን አላለቀም። እንዲህ ያለው ልብስ ከብረቱ ጫፍ ይሰቀልና ነጭ አንሶላ ይጋረድበታል። ባለቤቱ ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ እትዬ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ታወርዳለች፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ታየዋለች፤ ከዚያም ዳኛ ፍርድ እንደሚያነብ ሁሉ፦ «ልብሱ ደርሷል፤ እርስዎ ገና ነዎት።»

የባንክ ቤቷ ልጅ ግራጫ ቀሚሷን ልትወስድ የመጣችበት ቀን ነበር።

«ግራጫውን አልሰጥሽም» አለቻት እትዬ። «ዓይንሽ ራሱ ግራጫ ሆኗል። በዚህ ላይ ግራጫ ደርበሽ ከወጣሽ እስከ ምሳ ድረስ ደመና ነው የምትሆኚው። ቢጫዋን ውሰጂ።»

«እትዬ ሙች፣ ቢጫ ቀሚስ የለኝም!»

«አለሽ። ዓምና እድፉ አልለቅ ብሎ ተስፋ ቆርጠሽ የተውሻት። ከስምንት ወር በኋላ ለቀቀ።»

ልጅቷ ቢጫዋን ወሰደች፤ እንባዋን ግን አላስቀረላትም። እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ዘረገፈችው። እትዬ ግን ይህንንም ከድል ቆጠረችው፤ «አየህ፣ በቢጫ ሲለቀስ ቶሎ ያልቃል» አለችው ተኳሹን።

የአውቶቡሱ ሹፌርስ? አምስቱም ሸሚዞቹ ኮሌታቸው ጠባብ ነበር። እትዬ አንዱን ሸሚዝ አንስታ «ይሄ አንገትህን አንቆ ይይዝሃል፤ አንተ ደግሞ መንገደኛውን ታንቃለህ» አለችውና የአምስቱንም የላይኛ ቁልፍ በምላጭ ቆርጣ ጣለችው። ሰውየው ላውንደሪውን በጩኸት አናወጠው። ከዚያ ወዲህ ግን፣ የሰፈሩ ሰው እንደሚለው፣ ጥሩምባ መንፋት ረስቷል፤ ድመት መንገድ ላይ ከተኛች እስክትነቃ ይጠብቃል።

«እትዬ፣ ሰው የራሱን ልብስ የፈለገው ቀን ቢለብስ ምን አለበት?» ይላታል ተኳሹ አንዳንዴ፣ ከእንፋሎቱ ውስጥ።

«ምንም የለበትም። ግን መች ፈልጎ ለበሰ? እጁ የደረሰበትን ነው የሚጎትት። ጠዋት ቁም ሳጥኑን ከፍቶ፣ አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ብቻ፣ ቆሞ ‹ዛሬ ምን ላይ ነኝ?› ያለ ሰው አሳየኝ። ለሻይ እንኳ ስኳር ስንት ተብሎ ይጠየቃል፤ ለልብ ማን ጠየቀ?»

«ልብ ስኳር አይወድም።»

«አንተ ካውያህን ያዝ!»

እንዲህ ሲባባሉ ዓመታቱ ነጎዱ። ባለፈው ሰኞ ግን ነገር መጣ። በእትዬ ውሳኔ፣ ችሎት ፊት በአበባማ ሸሚዝ የቆመ አንድ ጠበቃ፣ በቀጥታ ለላውንደሪው ባለቤት አቤት ብሎ ኖሯል። ባለቤቱ ተኳሹን ወደ ማድረቂያው ክፍል ጠራውና በጆሮው፦ «ስማ፣ እኔ የከፈትኩት ላውንደሪ ነው እንጂ ጸበል አይደለም። በዚህ ሳምንት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ‹ልብሴን ከለከለችኝ› ብሎ ቢመጣ እሷ ወደ ቤቷ፤ አንተ ባንኮኒው ላይ ትቀመጣለህ» አለው።

ተኳሹ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ትቀመጣለህ» የምትለዋን ብቻ ነበር።

የባንኮኒው ወንበር ትራስ አለው። ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መጥታ እንደ ድመት ትጠመጠምበታለች። አሥራ አራት ዓመት ቆሞ ለዋለ እግር ይህ ወንበር አይደለም፤ ርስት ነው። ተኳሹ ሱሪ እየተኮሰ ወንበሩን ያየው ጀመር። በእንፋሎቱ መካከል ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፤ ና ና ይለዋል። ደግሞ እሷን ያያል። ማስጠንቀቅ እንዳለበት አላጣውም። ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ እንፋሎት ዋጠ። ማክሰኞ አለፈ፤ ረቡዕ አለፈ።

ሐሙስ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለአጥፊ ተማሪ እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከጥቁር ሱፉ ተለይቶ አያውቅም ነበር፤ ተማሪ ቀለም ቢደፋበት ነው ያመጣው። ሱፉ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ከአንሶላው ጀርባ ከገባ ሃያ ሁለት ቀን ሆኖታል።

«ሱፌን» አለ።

«ልብሱ ደርሷል» አለች እትዬ ድምፅዋን አለስልሳ፤ «እርስዎ ግን…»

«ነገ ምረቃ ነው እትዬ።»

«ለምረቃማ ጭራሽ! ልጆቹ ወረቀት ሊቀበሉ ነው ወይስ ሊያጽናኑዎት?»

ያን ጊዜ የዳይሬክተሩ ድምፅ ተነሳ። «ባለቤቴን የቀበርኩት እሱን ለብሼ ነው! ሐዘኔን ወስደሽ መስቀያ ላይ የምትሰቅይው ማን ሾሞሽ ነው? ቶሎ ይልቀቀኝ ብዬ ለመንኩሽ?»

ካውያው ቆመ። እንፋሎቱ እንኳ የት እንደሚሄድ የጠፋው መሰለ። ተኳሹ በልቡ «እውነቱን ነው» አለ፤ እውነቱንም ነበር። እትዬም ከባንኮኒው ላይ የሌለ ክር ታነሳ ጀመር።

የላውንደሪው ባለቤትም የመጣው በዚችው ደቂቃ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ጊዜ አይመጣም።

«ምንድን ነው? ከልክላዎት ነው?»

ዳይሬክተሩ ጨዋ ነውና አቀረቀረ። ባለቤቱ ወደ ተኳሹ ዞረ። «አንተ ንገረኝ። የሰውዬው ሱፍ አልቋል ወይስ አላለቀም?»

አንድ ቃል ነው። «አልቋል» ካለ ወንበሩ የሱ ነው። ተኳሹ ቀና ሲል ከብረቱ ላይ ያሉትን ልብሶች አየ። ከነገ ጀምሮ ለሁሉም በቀናቸው ይሰጣቸዋል። ማንም ማንንም ገና ነህ አይለውም። ሰው ሁሉ ደረሰኙን ሰጥቶ፣ ልብሱን ተቀብሎ፣ ፊቱ ሳይታይ ይሄዳል። ከላይ የተሰቀሉትም ያው ጨርቅ ይሆናሉ። እትዬ አላየችውም፤ ያቺኑ የሌለች ክር እየፈለገች ነበር።

«አቃጥዬዋለሁ» አለ።

ልብስ ተኳሽ «አቃጠልኩ» ሲል ሹፌር «ዓይኔ አያይም» እንደማለቱ ነው።

«አቃጠልክ? አንተ?»

«እትዬ ልትሸፍንልኝ ብላ ነው ሰውዬውን ስታመላልስ የኖረችው።»

«አምጣና አሳየኝ!»

ይህን አላሰበውም ነበር። ካውያውን ከጎኑ ደብቆ ከአንሶላው ጀርባ ገባ። ሱፉ እንደ አዲስ ሆኖ ተሰቅሏል፤ እጅጌው ላይ ሽብሽብ አይገኝም። ኮቱን ገለበጠ፤ ማንም የማያይበትን፣ ከግራ ብብት በታች ያለውን ገበር መረጠ፤ ካውያውን አነሳ፤ ፊቱን አዞረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ። የሚያቃጥለው ጣቱን ቢሆን ይቀለው ነበር።

«አሁን ነው እንዴ የሚሸተው?» አለ ባለቤቱ አፍንጫውን ነፍቶ።

«የተቃጠለ ገበር ሽታው ወር አይለቅም» አለ ተኳሹ። ውሸት ሲጀምር እንደ ሹራብ ክር ነው፤ ይተረተራል።

ዳይሬክተሩ ኮቱን ተቀብሎ ገበሩን ገለጠ። የካውያው ቅርጽ ቁጭ ብሏል፤ ጫፉ ሾጣጣ፣ ቡናማ። ሁሉም ቁጣውን ጠበቁ። ዳይሬክተሩ ግን መዳፉን ጠባሳው ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ።

«እሷ» አለ ቀስ ብሎ፣ «በተጋባን በሳምንቱ እንዲሁ አቃጥላብኝ ነበር። ነጭ ሸሚዜን። ደንግጣ ሸሚዙን ይዛ አልጋ ሥር ገባች፤ አልወጣም አለች። እራት ለመብላት እኔም አልጋ ሥር ገባሁ።»

ይህን ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ራሱን አስደነገጠው። ከቀብሯ ቀን በፊት የነበረው ዘመን፣ ሃያ ስንት ዓመት ሙሉ፣ በዚያች ሾጣጣ ጠባሳ በኩል ተመልሶ የገባ ይመስል ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች እትዬ። «ሐዘንዎን የመንካት ሥልጣን አልነበረኝም። ነገ ይልበሱት።»

«እስቲ ጠዋት አይቼ» አለ ዳይሬክተሩ። ኮቱን አልደረበውም፤ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። በመስኮቱ ሲያዩት እጁ አሁንም ከገበሩ ውስጥ ነበር።

ባለቤቱ ተኳሹን እንደ ባለጌ ልጅ ገሠጸው፤ «አንተ ከዚያ ካውያ አጠገብ ንቅንቅ አትልም፤ ባንኮኒ ብሎ ነገር አበቃ!» ብሎ በሩን ወርውሮ ሄደ። ልብሶቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ተወዛወዙና ቀስ በቀስ ቦታቸውን ያዙ።

ተኳሹ አንድ ሸሚዝ ዘረጋ። እንፋሎቱ ተነሳ። ከውስጡም፦

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሰኞ ጀምሮ ወንበርሽን ስመኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? አሥራ አራት ዓመት የሰው ልብስ ስትተኩስ የራስህን ተኩሰህ አታውቅም። ማክሰኞ ዕለት ሸሚዝህን እስከ እጅጌው ጫፍ ተኩሰህ፣ ኮሌታህን አቁመህ ገባህ። ባንኮኒ የሚቀመጥ ሰው አለባበስ ነው።»

ተኳሹ ካውያውን አቆመ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን አውቀሽ ምነው አንድ ቃል አልተናገርሽም?»

እትዬ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«አምሮብህ ነበራ» አለች።