ጦሩ ኮረብታው ላይ ይቁም

ሰው ለቤተሰቡ የሚያወርሰውን ነገር ሲመርጥ በጣም ያስቀኛል። ቤት እናወርሳለን፣ ላም እናወርሳለን፣ የደም ግፊት እናወርሳለን፤ የአፍንጫችን ቅርጽ እንኳ ሳይጎድል ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ቂሙን ግን በወጉ አስተምሮ የሚያወርስ ሰው አላየሁም። አንዱ ምስኪን በደሉን ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን ይጓዝና፣ ጸጉሩ ሸብቶ ጉልበቱ ሲዝል እስቲ ለማን ላቀብል ብሎ ዞር ሲል ከኋላው ማንም የለም። ሚስት ረስታዋለች። ወንድም ከበዳዩ ጋር ሻይ ይጠጣል። ልጅ ደግሞ «የቱ ሰውዬ?» ትላለች። እናንተ ምናልባት ቂም የላችሁ ይሆናል። እንግዲያውስ ይህን ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።

እኔ ይህን የተረዳሁት ከኮምፒውተር ጨዋታ ነው። አትሳቁ፤ ወይም ሳቁና እንቀጥል። ባለፈው ክረምት ልጄ ሐያት ፋርማሲ ተምራ ጨርሳ፣ ሥራ እስክታገኝ ቤት ተቀምጣ ነበር። የአሰላን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭላሎ ደመናውን አንዴ ከተከናነበ ሰው ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ብርድ ልብስ ነው። እኔ ደግሞ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ዜና አያለሁ፤ ዜና ባየሁ ቁጥር አንድ የተሾመ ሰው አያለሁ፤ የተሾመ ሰው ባየሁ ቁጥር የራሴ ነገር ትዝ ይለኝና ከቴሌቪዥኑ ጋር እጣላለሁ። ልጄ ሰለቻት።

«አባዬ፣ ቴሌቪዥን ላይ ከምትጮህ እዚህ ውስጥ ገብተህ ተዋጋ» አለችና ጨዋታውን ላፕቶፑ ላይ ጫነችልኝ።

ነገሩ የጥንት ዘመን ነው። አንድ ድሃ ባላባት ሆናችሁ በአንድ ፈረስና በጥቂት ወታደር ትጀምራላችሁ። ትነግዳላችሁ፣ ትዘምታላችሁ፣ ታገባላችሁ፣ ትወልዳላችሁ፤ ግንብ ትይዛላችሁ፣ ግንባችሁን ይቀሟችኋል። ለቤተሰባችሁም ለጠላታችሁም ደስ ያላችሁን ስም መስጠት ትችላላችሁ። እኔን የያዘኝ ይቺ ነገር ናት። ሚስቴን ዘይነባን ዘይነባ አልኳት። ከሳጉሬ አሰላ ሚኒባስ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ጀማል፣ እዚያም ጀማል ሆነ፤ ሐያትም ሐያት። ግንቦቼን አሰላ፣ ሁሩታና ሳጉሬ ብዬ ሰየምኩ። በሰሜን በኩል ኢተያ ላይ ለተቀመጠው ጨካኝ ጌታ ስም ለማውጣት ግን ጨርሶ አልተቸገርኩም። ከድር አልኩት።

ከድር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ አድረናል፣ አንድ ሳሙና ተካፍለናል። በዕጽዋት ሳይንስ ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነበርኩ፤ ሁለተኛ እሱ። ትምህርት ክፍሉ ከሁለታችን አንዱን በረዳት መምህርነት ሊያስቀር ፈለገና የቃለ መጠይቅ ቀን ቆረጠ። አባቴ ታሞ ሳጉሬ በሄድኩበት ቀኑን ቀደም አደረጉት፤ «ለጓደኛህ ንገረው» ተብሎ ለከድር ተነገረው። ያኔ ሞባይል የለም። ሰው ግን አለ፤ መኪናም አለ። እኔ በድሮው ቀጠሮ ከረባቴን አስሬ ስደርስ ከድር አልፎ፣ የመምህራን ሻይ ክበብ ገብቶ፣ ስኳር እያማሰለ ነበር። «ሰው ልኬብህ ነበር እኮ፤ አላገኘህም እንዴ?» አለኝ። ይህችን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት አኝኬያታለሁ። እሱ ዶክተር ሆነ፣ ውጭ አገር ደርሶ መጣ። እኔ ግብርና ቢሮ ገብቼ ስለ ስንዴ በሽታ ማስረዳት ጀመርኩ። አሁንም አስረዳለሁ። በሽታውም አለ፤ እኔም አለሁ።

በጨዋታው ግን ፍትሕ ነበረ። ክረምቱ ሳይወጣ ኢተያን ሰበርኩ፤ ከድርን ማረክሁና ከአሰላ ግንብ ሥር ካለው እስር ቤት ጣልኩት። ዘመዶቹ ወርቅ ላኩ፤ መለስኩባቸው። ከቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው እሱ እዚያው መኖሩን ማየት ነበር። አለ። ከዚያ እጄን ታጥቤ ምሳ እቀርባለሁ።

ችግሩ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው። ጨዋታው ዘመን ይቆጥራል። አንድ ቀን ጀግናዬን ሳየው ጺሙ ነጭ ሆኗል። ሐያት ከጀርባዬ ቆማ «አባዬ፣ ሽማግሌ ሆነሃል፤ አሁን አንተ ብትሞት ማን ይወርሳል?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቤተሰቤን የውጊያ ችሎታ ከፍቼ አየሁ። ምነው ባላየሁት ኖሮ! ጀማል ሰይፍ ይይዛል እንጂ አይመታም። ዘይነባ ግንብ ስታስተዳድር ኖራ ቀስት በእጇ ነክታ አታውቅም። ሐያት ፈረስ ላይ ስትወጣ ፈረሱ ያዝንላታል። ለምን? ጦርነቱን ሁሉ እኔ ስለተዋጋሁት ነዋ! ለራሴ ምርጡን ፈረስ፣ ለራሴ ምርጡን የብረት ጥሩር፤ እነሱ ግንብ ውስጥ ተቀምጠው ወለሉን ሲያሞቁ ዘመኑ አለቀ። አገሩን በሙሉ ይዣለሁ፤ የሚተካኝ ሰው የለኝም።

ያረፈደ ሰው እንዴት እንደሚያሠለጥን ልንገራችሁ፤ ይጠቅማችሁ ይሆናል። ድንጋይ ከመወርወር በቀር ምንም የማያውቁ ቀማኞች ትፈልጋላችሁ። ከዚያ ያን ሁሉ በጦርነት የተፈተነ ጦራችሁን አስከትላችሁ ትሄዱና «ጦሩ ኮረብታው ላይ ይቁም» ብላችሁ ታዝዛላችሁ። ደካማውን ብቻ ወደ ታች ትልካላችሁ። ጠንካሮቹ ከገቡ ደካማው ምንም አይማርም፤ ጨዋታው ችሎታ የሚጨምረው ለመታ ሰው ብቻ ነው። እናም አገር ያንቀጠቀጠ ፈረሰኛ ሁሉ ኮረብታ ላይ ተደርድሮ፣ ወንድሜ ጀማል አንድ ጨርቁን የጣለ ሌባ በዱላ ሲያባርር፣ ሌባውም መልሶ ጀማልን ሲያባርር ያያል። ፈረሶቹ እንኳ አንገታቸውን ሲያዞሩ አይቻለሁ።

በዚሁ ሰሞን ኢተያ ለቅሶ ነበረብን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ማን ቢገባ ጥሩ ነው? እውነተኛው ከድር። በሕመም ያለ ዕድሜው ጡረታ ወጥቶ አሰላ ቤት ሠርቷል፤ በምርኩዝ ይሄዳል። እኔ ፊቴን ወደ ምሰሶው አዞርኩ። ጀማል ግን ብድግ ብሎ ትከሻ ለትከሻ ሳመው፤ «ኦቦ ከድር፣ አካም! ሲመለሱ በኔ መኪና ነው፣ ጋቢናውን ይዤልዎታለሁ» አለው። ዘይነባ ደግሞ «ስኳሩን እንዴት አደረግከው?» ብላ ጠየቀች። ስኳሩን! ያኔ ነው የበራልኝ። ለካ በዚህኛውም ዓለም ሠላሳ ዓመት ብቻዬን ስዋጋ ቤተሰቤን አንድ ቀን ለልምምድ አላወጣኋቸውም።

የሚያስቸኩል ነገርም ነበረ። ከድር ሽማግሌ ልኮብኝ ሁለቴ መልሻለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ እሑድ እንመጣለን ተባልኩ። በኛ አገር ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የመለሰ ሰው ወዮለት፤ የሱ ነገር ሲነሳ ሁሉም የሚቸኩልበት ጉዳይ ይኖረዋል፤ ነገ ሐያትን ለጋብቻ ሊጠይቅ በደጄ የሚቆም ሽማግሌም አይገኝም። እታረቃለሁ እንዳልል ደግሞ፣ ከቂሜ ሌላ ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የወጣሁት ነገር ዲግሪው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ አሰብኩ። ሽማግሌ ሲጠይቅ ተበዳይ «የቤቴን ሰዎች ጠይቁልኝ» ቢል አይነወርም። እኔ እምቢ ካልኩ ክፉው እኔ ነኝ። ቤተሰቤ እምቢ ካለ ግን ምን ላድርግ?

የቀረችኝ አንዲት ሳምንት ነበረች። ከቢሮ መልስ እነ ጀማልን ጨዋታው ውስጥ ከቀማኛ ጋር አጋጥማቸዋለሁ፤ እራት ላይ ደግሞ ከከድር ጋር።

«ጀማል፣ ሽማግሌው ‹ይቅር በሉት› ሲልህ ምን ትላለህ?»

«ኢንሻአላህ እላለሁ።»

«ኢንሻአላህ አይባልም! ‹ቁስላችን አልደረቀም› ነው የሚባለው!»

«ጋሼ፣ የምን ቁስል? እኔ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ።»

«ሐያት፣ አንቺስ?»

«‹የአባቴ ዕድል ተሰርቋል› እላለሁ።» ድምጿ ጥሩ ነበር፤ ተስፋ አደረግሁባት።

ዘይነባ ሽንኩርቱን ወደ ዳር እየገፋች «የሐያት አባት፣ አንተ መምህር ሆነህ ቀርተህ ቢሆን እኔን የት ታገኘኝ ነበር?» አለች። ይህ ፈጽሞ ያላሰብኩበት ጥቃት ስለነበር ወደ ሌላ ርዕስ አፈገፈግሁ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሐጂ አማን ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፤ ሁሉም የእርቅ መለመኛ እርጥብ ሣር ይዘዋል። ከድር እንደ ደንቡ ከውጭ፣ ከአጥሩ በር ነው። ወንበር ብናቀርብ እምቢ አሉ።

«አንቀመጥም» አሉ ሐጂ። «ሣሩ እጃችን ላይ ይድረቅ እንጂ ባዶ መልስ ይዘን አንመለስም። ምን ትላለህ ልጄ?»

«ሐጂ፣ እኔማ ብቻዬን ምን አባቴ እወስናለሁ?» አልኩ፣ ዓይኔን ወደ መሬት ጥዬ። «በደሉ የቤቱ ነው። እነሱን ይጠይቁልኝ።»

ሐጂ ወደ ጀማል ዞሩ። ጀማል ጉሮሮውን ጠረገ። «ሐጂ፣ ጋሼ የሚለው ሁሉ እውነት ነው። ኦቦ ከድር በድለውታል። ከባድ በደል ነው።» ልቤ ሞቀ። ያ ሁሉ ቀማኛ በከንቱ አልተደበደበም! «ስለዚህ» አለ ጀማል፣ «ገብተው ለራሱ ይንገሩት። እኛን ምን አገባን?»

ዘይነባ በራስዋ ጨመረች፤ «እኔ ከከድር ጋር አልተጣላሁም፤ በሰው ጠብ አልገባም።»

ወደ ሐያት ተመለከትኩ። የመጨረሻዋ ወራሼ። እሷ ግን የሐጂን ክንድ በትሕትና ይዛ ነበር። «ሐጂ፣ እርስዎም ከኛ ጋር በረንዳ ይምጡ። አባዬ በዚህ ነገር ልምድ የለውም፤ ሁላችንም እዚህ ካለን አይማርም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በኔው ድምፅ፣ በኔው ትእዛዝ፣ «ጦሩ ኮረብታው ላይ ይቁም» አለች።

ወጡ። ሁሉም ወጡ። ከድር በምርኩዙ መሬቱን እየነካካ ገባ።

ለሠላሳ ዓመት የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ። መግቢያ አለው፣ ማጠቃለያ አለው፤ ስንዴ ማሳ መካከል ብቻዬን ስሆን ጮክ ብዬ ተለማምጄዋለሁ። መጀመሪያ ግን ወንበር ሳብኩለት። ከድር ተቀመጠና መነጽሩን ጠርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን ላፕቶፕ አየ። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ዘግይቻለሁ።

«ይኼ የኔ ስም አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ምን ሆኜ ነው?»

«ታስረህ ነው።»

ጠጋ ብሎ አየው። «ብዙ ጊዜ ሆነኝ?»

«ከክረምት ጀምሮ።»

«ብቻዬን ነኝ?»

«ብቻህን ነህ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ አልሳቀም። ምርኩዙን በሁለት እጁ ያዘ። «ሰው ልኬብህ ነበር ያልኩህ ውሸት ነው» አለ። «ማንንም አልላክሁም። መናኸሪያ ድረስ ሄጃለሁ። የሳጉሬ መኪና ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩንም አውቀዋለሁ። እስኪሄድ ድረስ አየሁትና ተመለስኩ።»

በረንዳው ላይ ያለው ጦር ሁሉ ሳሉን አቁሞ እንደሚያዳምጥ ታወቀኝ።  ይቅርታ የሚለውን ቃል ጠብቄ ነበር፤ ከድር አላወጣውም። እኔስ ምን አልኩ? ጀማል ከሌባው ፊት እንደቆመው ዱላዬን ይዤ ቆምኩና፣ «ሻይህን ያለ ስኳር ነው አይደል?» አልኩት።

ሐጂ አማን ገብተው ይቅርታውን በከድር ስም እሳቸው ጠየቁ፤ ደንቡ ነው። እኔም ደንቡ እንደሚለው ተቀበልኩ። ሣሩ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ፤ ዱዓ ሆነ። ከድር ሲወጣ በሩ ላይ «ትፈታኛለህ?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። አስብበታለሁ አልኩት። ሐያት ብርጭቆ እያነሳች «እህሳ አባዬ፣ ችሎታህ ጨመረ?» አለችኝ። ያስተማርኩት ሁሉ ሌላ ሰው ላይ መሥራቱ ደስ ይላል፤ እኔ ላይ ሲሠራ ግን ያበሳጫል።

በማግስቱ ከቢሮ ገብቼ የእስር ቤቱን በር ከፈትኩ። እንዲህ ያለ ነገር ስታደርጉ ጨዋታው አንድ ጥሩ ነገር ያደርግላችኋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ምንም አላደረገም። ከድር ፈረሱን ጭኖ ሄደ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ስልኬ ጮኸ። እውነተኛው ከድር ነው።

«እንዴት ነኝ?» አለ።

«ተፈትተሃል።»

«አልሐምዱሊላህ። ከዚያስ?»

ልደብቀው ፈልጌ ነበር። «ጦር ሰብስበህ ሁሩታን ከበሃታል» አልኩት።

«እኔ?»

«አንተ።»

«ማን ወጣብኝ?»

«ሐያት። ከፈረስ አትወድቅም አሁን።»

«አንተስ የት ነህ?»

«ኮረብታው ላይ ነኝ።»

 የሚኒባስ ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ከወዲያ ይሰማኛል፤ መናኸሪያ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም። ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «ይቅርታ» አለኝ።

ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁትም።