ሳይገመገም የቀረው ሲፎን

አማርኛችን እንደ ሽንት ቤት የሚያሽሞነሙነው ነገር ያለ አይመስለኝም። እንግዳው «አንዴ ዞር ብዬ ልምጣ» ይላል። ሴትየዋ «እጄን ልታጠብ» ትላለች። ሽማግሌው «እስቲ ትንሽ ልናፈስ» ብለው ከዘራቸውን ያነሳሉ። ትምህርት ቀመሱ ደግሞ «መጸዳጃ ክፍላችሁ በየት በኩል ነው?» ሲል ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ የሚጠይቅ ይመስላል። እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ነውር የለውም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በስሙ የማይጠሩት ነገር የተበላሸ ዕለት «ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅም፣ «እንዲህ ሆነ» ብሎ መመለስም አይቻልም። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እንዲህ ያለ ነገር በትዳርም በመሥሪያ ቤትም እንደማይጠፋ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

እኔ ይህን የተማርኩት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ እትዬ ደብሪቱ ግቢ ተከራይቼ ስኖር ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ከጎጃም ተዛውሬ፣ ከባለቤቴ ከዘነበች ጋር ጓዛችንን ጠቅልለን መጥተን፣ ዞኑ ውስጥ የዕቅድ ሠራተኛ ሆኜ ነበር። ዕቅድ ስል ግን ብዙም አልታቀደም፤ ዘመኑ የግምገማ ነበራ! ጠዋት ተገምግመን ከሰዓት እንገመግማለን። ሰው ሳይገመገም የሚውለው እሑድ ብቻ ነበር። እሑድም ቢሆን ሚስት ያለው አይተርፍም።

እትዬ ደብሪቱ ባላቸው ጋሽ ጌታነህ ካረፉ ወዲህ ትልቁን ቤት ለብቻቸው ይዘው፣ የጓሮውን ክፍሎች ለእኛ ለሦስት ተከራዮች አከራይተው የሚኖሩ፣ ጥርት ያሉ ሴት ወይዘሮ ናቸው። አንደኛው ክፍል የእኔና የዘነበች ነው። ሁለተኛው የታሪኩ፤ ውሃ ምህንድስና ተመርቆ ማስተማር የጀመረ የአዲስ አበባ ልጅ። ሦስተኛው ውስጥ አዲስ ሙሽሮች ነበሩ። ባልየው ጴጥሮስ የጤና ረዳት ስለሆነ ለክትባት ገጠር ለገጠር ሲዞር ይከርማል፤ ማርታ፣ ሚስቱ፣ ከጨንቻ ደጋ ከመጣች ወር አልሞላትም፤ ቆላውን ገና አልለመደችውም፣ አማርኛውንም እንደዚያው።

ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚጠቀመው በአንድ ሲፎን ነው። ሲፎን ስላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት፤ መንደሩ ሁሉ ጉድጓድ ቆፍሮ በሚጠቀምበት ሰዓት፣ ነጭ የሸክላ መቀመጫ፣ ከኋላው የውሃ ሳጥን፣ ከጎኑ የምትሳብ እጀታ ያለው ሽንት ቤት የእትዬ ደብሪቱ ክብር ነበር። በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ሬዲዮኑንም፣ ቴሌቪዥኑንም አልብሶ ተርፎ የውሃ ሳጥኑ ላይ ተነጥፏል። ከዳንቴሉ በላይ የፕላስቲክ አበባ በብርጭቆ ቆሟል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ገብታችሁ ብታዩት ከመቀመጣችሁ በፊት መሳለም ያምራችኋል።

ይህ ክቡር ዕቃ አንድ ቀን አሻፈረኝ አለ። እጀታው ሲሳብ ያጉረመርማል፣ ትንሽ ያንጠባጥባል፣ ያቃስታል፣ ዝም ይላል። የሸኘነው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ ተመልሶ ከቦታው ይሰየማል። ውሃ ጠፍቶ ነው እንዳትሉኝ፤ እርግጥ አርባ ምንጭ የሚባል ስም ይዛ፣ ከግርጌዋ ሁለት ሐይቅ አንጥፋ፣ እኛ ሴቻ ላይ ያለነው ቧንቧ ሲያሰኘው የሚመጣልን ነን። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የገባኝ እዚያ ነው። ግን ቧንቧው ሌሊትና ቀን በሚፈስበት ሳምንትም ሲፎኑ ያው ነበር።

እትዬ ደብሪቱ መጀመሪያ አመድ ነሰነሱበት። ቀጥሎ የፈላ ውሃ ከነኦሞው ደፉበት። ሳይሆን ሲቀር ከታችኛው ሠፈር ከሲቀላ ቧንቧ ሠሪ አስጠሩ። ሰውየው ረጅም ሽቦ ሰድዶ ሲጎረጉር ዋለ፣ ከጓሮ ያለውን ጉድጓድ ከፍቶ አየ፣ «ምንም የደፈነው ነገር የለም» አለ። «እስቲ ደግሞ ሳጥኑን ልክፈተው» ብሎ ወደ ዳንቴሉ እጁን ሲሰድ ግን እትዬ ደብሪቱ መሐል ገቡ።

«ምን ልትሆን? ቆሻሻ የሚወርደው በታች! ከላይ ንጹሕ ውሃ ነው ያለው። በዚያ በጎረጎርክበት እጅህ ዳንቴሌን እንዳትነካ!»

ሰውየው እጁን ሰብስቦ ሄደ። ቆሻሻው ከታች፣ ንጽሕናው ከላይ ነው ከተባለ በኋላ ምን ይጨመራል?

ከዚያ ወዲህ የተበላሸው ሲፎኑ መሆኑ ቀርቶ «ማን አበላሸው?» የሚለው ሆነ ጉዳዩ። እትዬ ደብሪቱ ስሟን ሳይጠሩ «ገጠር ቅጠል የለመደ ሰው» ማለት ጀመሩ። ማርታ በልብስ ማጠቢያው በኩል ስታልፍ ድምፃቸው ከፍ ይላል። በመጨረሻም ጴጥሮስ ከክትባት ሲመለስ ቤቱን እንዲለቁ እንደሚነግሩት ለዘነበች ሹክ አሏት። ዘነበች ለእኔ ነገረችኝ። እኔ ምን አደረግሁ? የለመድኩትን። ስብሰባ ጠራሁ።

እሑድ ከሰዓት፣ ከማንጎው ሥር፣ በርጩማ ተደርድሮ ተቀመጥን። ሰብሳቢ እኔ ነኝ። «እንግዲህ እያንዳንዳችን በሽንት ቤት አጠቃቀም ረገድ ጠንካራና ደካማ ጎናችንን እናነሳለን» አልኩ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከልቤ ነበር። ታሪኩ ጋዜጣ ይዞ እየገባ ብዙ እንደሚቆይ አመነ። እኔ እጀታውን ደጋግሜ እንደምስብ ግለ ሂስ አወረድኩ። ዘነበች «እኔ የምናገረው የለኝም» ብላ ክንዷን አጣጠፈች። እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «የእኔ ደካማ ጎን ደግነቴ ነው» አሉ፤ «ሰው አምናለሁ። ማንም መጣ ማንም ቤቴን እከፍታለሁ።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ማርታ ላይ ነበር።

ታሪኩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። በባልዲ ውሃ ሲደፋበት ጥርግ አድርጎ ይወስዳል። ይህ ማለት ቧንቧው ክፍት ነው። ስለዚህ ችግሩ ከታች አይደለም፤ ችግሩ ከላይ ነው።»

ዓይኔ ወደ አጥሩ ሄደ። እኔ የዞን ሠራተኛ ነኝ፤ አጥሩም ስስ ነው።

«ከላይ ስትል…» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «ምን ለማለት ነው?»

«ሳጥኑን ነዋ፣ ጋሼ!»

«እንደዚያ ብለህ ግልጽ አድርገው እንጂ» አልኩና ላቤን ጠረግሁ።

እትዬ ደብሪቱ ግን ለምህንድስና ጆሮ አልነበራቸውም። «አንቺስ?» አሏት ማርታን። «ምን እንደጣልሽበት ተናገሪና እንገላገል። የእንሰት ቅጠል ነው? ጨርቅ ነው?»

ማርታ ተነስታ ቆመች። «እማማ፣ እኔ ምንም አልጣልኩም። እኔ እዚያ አይገባም። ከተናገርክ ቀን ጀምሮ እኔ ጎረቤት ነው የሚሄደው። ማታ ማታ ደግሞ ይፈራል፤ እስኪነጋ ይቆያል።»

ለእትዬ ደብሪቱ «ከተናገርክ» ማለቷን ማንም ልብ አላለም። ልብ ያልነው ሌላውን ነው። ሲፎኑ የባሰበት ማርታ ከተወችው በኋላ ነበር። ስንቱን ሌሊት ያቺ ልጅ ጨለማ ፈርታ ሆዷን ይዛ እንዳነጋች ማን ያውቃል? አጠገቧ፣ ግድግዳ ብቻ ለይቶን፣ እኛ ተኝተናል።

ያን ጊዜ ዘነበች ተነሳች። የእኔ ዘነበች ድምፅ የማታሰማ ሴት ናት፤ ዝምታዋ ሲሰበር ግን ዕቃ ከፊቷ ማንሳት ነው።

«ሁላችንም ተገመገምን» አለች፤ «ሳይገመገም የቀረ ሲፎኑ ብቻ ነው። ታሪኩ፣ ተነስ!»

እየመራች ሄደች። እኛም ተከተልን፤ እትዬ ደብሪቱ «ዋ! ዳንቴሌን!» እያሉ ከኋላ። ዘነበች አበባውን አንስታ መስኮቱ ላይ አኖረች። ዳንቴሉን አጣጥፋ ለእትዬ ደብሪቱ አስረከበች። ታሪኩ የሸክላውን ክዳን በሁለት እጁ አነሳና ወደ ውስጥ አየ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደገና ወደ ውስጥ አየ።

«ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

ታሪኩ እጁን ነከረና በፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጣ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። አንዱ ባዶ፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ እስከ አፉ ሙሉ፤ ሁሉም በቡሽ የተወተፈ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት በሲባጎ ከጎን ታስሮ የነበረ። ሲባጎው ሲበሰብስ ጠርሙሶቹ ተንሸራተው፣ ውሃው ሊሞላ የሚገባውን ቦታ ይዘው፣ አንደኛው ከእጀታው ጋር የተያያዘውን ዘንግ ደግፎት ኖሯል። ታሪኩ ሙሉውን ከፈት አድርጎ አሸተተ።

«አረቄ ነው።»

እትዬ ደብሪቱ በሩን ተደገፉ። ጋሽ ጌታነህ ጉበታቸውን ታመው፣ መጠጥ እርም ብለው፣ ለገብርኤል ተስለው እንደሞቱ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የነገሩን ራሳቸው እትዬ ደብሪቱ ናቸው። ፊታቸውን ለማየት አልደፈርንም። ለእኛ ሳይሆን ለጠርሙሶቹ እንደሚናገሩ ሁሉ፣

«እኔ ደግሞ» አሉ፣ «ቶሎ ቶሎ ሲገባ ሆዱን አሞት መስሎኝ ተልባ ሳፈላለት… ሲወጣ ቅርንፉድ ያኝካል። ለጥርሴ ነው ይለኛል…»

እዚህ ላይ መሳቅ የሚቻል ነበር። ታሪኩ ከንፈሩን ነክሷል። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ማርታ ግን በመሐላችን አልፋ ሄዳ የእትዬ ደብሪቱን ክንድ ያዘች።

«አይዞህ እማማ» አለች፤ «አይዞህ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «አይዞሽ ነው የሚባለው» ብለው ያርሟት ነበር። ያን ቀን አላረሟትም። እጇን ደርበው ያዙት።

ታሪኩ ክዳኑን መልሶ ገጠመ፤ ሳጥኑ እስኪሞላ ጠበቅን፤ እጀታውን ሳበ። እንደ ክረምት የኩልፎ ወንዝ አጓርቶ ጠራርጎ ወሰደ። አጨበጨብን ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ወደ ማንጎው ተመለስን። ስብሰባው አንድ ውሳኔ ብቻ አሳለፈ። ያቀረቡት እትዬ ደብሪቱ ናቸው፤ «ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ጡብ ነው።» በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በነጋታው ደግሞ ማርታ ፎጣዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ልትወጣ ስትል በር ላይ አገኟትና «ምን ሆነሻል ልጄ? የራስሽ ቤት እያለ! ለመሆኑ ማን ነው ውጪ ሂጂ ያለሽ?» ብለው ተቆጧት። እኛ ግቢ ይቅርታ እንዲህ ነበር የሚጠየቀው። ቤት ስለመልቀቅ ያነሳ አልነበረም።

ያን ውሳኔ እንደ ዓይናችን ብሌን ጠበቅነው። ቧንቧ ሠሪው ጠየቀኝ፣ «ጡብ» አልኩት። መሥሪያ ቤት ጠየቁኝ፣ «ጡብ።» ጴጥሮስ እንኳ ከማርታ የሰማው ጡብ ነው። በዚያ ዘመን ከተላለፉት ውሳኔዎች ሁሉ ሳይሸራረፍ ተግባራዊ የሆነ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ዓመት ሳይሞላ ጎረቤት ሰርግ ተጠራን። እየበላን እየጠጣን ሳለ ከሴቶቹ ጥግ ሳቅ ድንኳኑን አናጋው። ዘወር ብል እትዬ ደብሪቱ ናቸው፤ ማርታን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው የሸክላ ክዳን እንደሚያነሳ ሰው እየሆኑ፣ «ጠርሙስ ብላችሁ፣ ጠርሙስ! አንድ ሙሉ ሳጥን! ጉዴ ፈላ! ለካ ያ ሁሉ ተልባ የአረቄ ማወራረጃ ኖሯል!» ይላሉ፤ እንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ።

አንዷ ጎረቤት አየችኝ። «አቶ ምትኩ ምስክር ይሁን! እውነት ነው እንዴ?»

ተነስቼ ቆምኩ። በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ውሳኔ ነው እንግዲህ። «እኔ የማውቀው» አልኩ፣ «ጡብ ነው።»

እትዬ ደብሪቱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«እዩልኝ! በዓይኑ በብረቱ ያየውን! ፊት ለፊቴ ሲዋሽ ትንሽ አያፍርም? ይህንን ነው ዞን አስቀምጠው ሰው የሚያስገመግሙት!»

ድንኳኑ በእኔ ሳቀ። ዘነበችም ጭምር።

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ግምገማ ነበር። ተራዬ ደረሰና ደካማ ጎንህን ተናገር ተባልኩ። ሌላ አልመጣልኝም፤ «ምስጢር መጠበቅ» አልኩ።

ሰብሳቢያችን ብዕሩን አስቀመጠ፣ ዓይኑን አጠበበ፣ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገና፣

«የማንን?» አለኝ።